ከጉኑኖ ዝናብ መለኪያ እስከ በጀት ሰሌዳ

ጉኑኖ የት እንዳለች የማታውቁ ትኖራላችሁ። ከወላይታ ሶዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፣ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአፈር ጥናት ሰዎች ግን ስሟን አሳምረው ያውቁታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእርሻ ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሲጀምሩ፣ ከሰባቱ የመለኪያ ጣቢያዎች አንዱን የተከሉት እዚያ ነው። በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፣ ተዳፋቱ ታርሷል፣ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ሰፍሯል። አፈር እንዴት እንደሚታጠብ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ የጣቢያው አሠራር ይማርከኛል። የዝናብ መለኪያ አለ፤ የገባውን ይነግራችኋል። ከታች፣ ውኃው ከተፋሰሱ በሚወጣበት አፍ ላይ ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ፤ የወጣውን ውኃና የተሸከመውን አፈር ይነግራችኋል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢኖር ስንት አፈር እንደጠፋ ማወቅ አይቻልም።

ይህን ያነሳሁት ስለ በጀት ላወራ ፈልጌ ነው። አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ወይም የምክር ቤት አባል መራጮቹ ፊት ቆሞ «በግልጽነትና በፍትሐዊነት እየሠራን ነው» ሲል ምን ብናይ ነው የምናምነው?

በወላይታ ለሕዝብ ፊት ለፊት መልስ መስጠት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የጋራ ጉዳዩን የሚነጋገርበት፣ ክርክር የሚሰማበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም በምኒልክ ጦር ከተሸነፉ በኋላ ግን የሹም ተጠሪነት ወደ ላይ ሆነ። ገባሩ ይከፍላል እንጂ የከፈለው የት እንደደረሰ አይጠይቅም። ደርግም ቢሆን መሬቱን ለገበሬው ሰጠ እንጂ የሒሳቡን መዝገብ አልሰጠውም።

በወረቀት ደረጃ ነገሩ የተለወጠው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊ ወይም ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንደሚጠየቅ፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ገንዘቡ ግን ወደ ወረዳ መውረድ የጀመረው በ1994 ዓ.ም ገደማ፣ ጥቅል ድጎማ ሲጀመር ነው።

ሰሌዳው የመጣበት መንገድ ደግሞ ይገርማል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው እንዳይዘጋ በ1998 ዓ.ም የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ገንዘቡ በድጎማ መልክ በክልል በኩል ለወረዳ ይወርዳል፣ በለውጡ ወረዳው በጀቱን ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። «የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት» የሚባለው፣ ዛሬ በየወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የምታዩት ሰንጠረዥ፣ በአብዛኛው የዚያ ስምምነት ልጅ ነው። በሌላ አነጋገር፣ መራጩ ጠይቆ ያገኘው ሳይሆን አበዳሪና ለጋሽ በቅድመ ሁኔታ ያስገቡት ነው።

ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከመደበው የነፍስ ወከፍ ድጎማ በአማካይ የደረሳቸው 13 በመቶ ብቻ እንደነበር አጥኚዎች አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ የተላከው ብር በጋዜጣና በትምህርት ቤት በር ላይ ይለጠፍ ጀመር፤ በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። በዚያው ጊዜ ሌሎች ማሻሻያዎችም ስለነበሩ ለውጡ ሁሉ የጋዜጣው ውጤት አይደለም ብለው የተከራከሩ አሉ፤ ልክ ናቸው። ለእኔ ዋናው ነገር ግን ወላጁ ሁለት ቁጥር ማግኘቱ ነው፦ የተላከውና የደረሰው።

የእኛ ሰሌዳ በብዛት የሚለጥፈው የተመደበውን ነው። የዝናብ መለኪያው አለ፣ የወንዙ የለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም በወላይታ ዞን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው በወቅቱ እንዳልተከፈላቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ከሚነሱት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማዳበሪያ ለገበሬው በዱቤ ይሰጣል፣ ለባንኩ ብድር ዋስ የሚሆነው ክልሉ በበጀቱ ነው። ገበሬው ሳይከፍል ሲቀር፣ ወይም የከፈለው መንገድ ላይ ሲቀር፣ ዕዳው ከክልሉ ድጎማ ይቆረጣል። ክልሉም ቅነሳውን ወደ ታች ያወርደዋል። ከወረዳ በጀት የአንበሳው ድርሻ ደመወዝ ስለሆነ መቀነስ የሚቻለው ሌላ ነገር ብዙም የለም። ሰሌዳው ላይ «ደመወዝ» ከሚለው ጎን ሙሉው ቁጥር ተጽፎ እያለ አስተማሪዋ ቤት ኪራይ መክፈል ያቅታታል። የተጻፈው ውሸት አይደለም፤ የተመደበው ያ ነው!

የፍትሐዊነቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ድጎማው በቀመር ነው የሚከፋፈለው፤ ከቀመሩ ግብዓቶች ዋናው የሕዝብ ብዛት ነው። አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም ነው። ያኔ ወላይታ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበረው፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 በላይ። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ግምት ነው። ዛሬ ባለው ሕዝብና በግምቱ መካከል ልዩነት ካለ፣ በየዓመቱ አብሮ ይደመራል። ይህን ስሌት የተለጠፈበት ሰሌዳ እኔ አላየሁም።

የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ግን አለ። ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጉኑኖ ያላችሁ አንባቢዎች ሰሌዳውን አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ መስመር ጻፉና አስገቡ፦ «በዚህ ዓመት ከወረዳችን ድጎማ ለማዳበሪያ ዕዳ ስንት ብር ተቀነሰ? ስንትስ በእጅ ገባ?» የተቀበለውን ሰው ስምና ቀኑን ኮፒው ላይ ማስፈረም አትርሱ።