ገንዘብ ለመጠየቅ ያላፈረች አምበል

ክሪኬት በአገራችን ብዙም የማይታወቅ ጨዋታ ነው። በየቡድኑ 11 ተጫዋች፣ ጠፍጣፋ የእንጨት መምቻና ጠንካራ ኳስ እንዳለው ካወቅን ለዛሬው ታሪክ ይበቃናል። ነጥቡ «ሩጫ» ይባላል። የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ የሜዳውን ወሰን ካለፈች በአንድ ምት 6 ሩጫ ታስገኛለች። ቀናት በሚፈጀው ትልቁ ግጥሚያ፣ ማለትም በቴስት፣ ይህን 6 ለመጀመሪያ ጊዜ የመታችው ሴት እንግሊዛዊቷ ሬቸል ሄይሆ ፍሊንት ናት። ይህም የሆነው በ1963 በለንደኑ ኦቫል ሜዳ ከአውስትራሊያ ጋር ስትጫወት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሬቸል፣ በእኛ አጠራር ራሔል፣ በ1939 በዎልቨርሃምፕተን ከተማ ተወለደች። መጀመሪያ የስፖርት መምህርት፣ በኋላም ጋዜጠኛ ሆነች። በሆኪም ግብ ጠባቂ ሆና ለእንግሊዝ ተሰልፋለች። ሆኪ ማለት የእኛን የገና ጨዋታ የሚመስለው ነው፤ ልጅ ሳለን ሩር የምናሳድድ ሴቶች ብዙ ባንሆንም ጨዋታውን እናውቀዋለን።

የእንግሊዝ አምበል የሆነችው በ1966 ነው። ያኔ ለብሔራዊ ቡድን የምትጫወት ሴት ደመወዝ አልነበራትም፤ ብዙ ጊዜ የጉዞና የልብስ ወጪዋን የምትሸፍነው ራሷ ነበረች። የሴቶች ክሪኬት ማህበር የተቋቋመው በ1926 ቢሆንም፣ ከአርባ ዓመት በኋላም በአባላት መዋጮና ድካም ይኖር ነበር። የመዋጮን ነገር እኛ ለማንም አናስረዳም! ሬቸል ስለ ቡድኑ ለጋዜጦች ትጽፋለች፣ በየግብዣው እየተነሳች ሰውን በሳቅ የሚያፈርስ ንግግር ታደርጋለች፣ ገንዘብ ያለውንም ሰው ሳታፍር ትጠይቃለች።

ከጠየቀቻቸው አንዱ የከተማዋ ልጅ የሆነው ባለጸጋ ጃክ ሃይዋርድ ነው። ሃይዋርድ ቀደም ሲል ቡድኑ ወደ ካሪቢያን እንዲጓዝ ረድቶ ነበር። በ1971 ሁለቱ ሲጨዋወቱ አንድ ሐሳብ ተነሳ፤ ለምን የሴቶች የዓለም ዋንጫ አይኖርም? ወንዶቹ እንኳ ያኔ የክሪኬት የዓለም ዋንጫ አልነበራቸውም። ሃይዋርድ 40,000 ፓውንድ ሰጠ። ቡድኖቹን መጋበዝና ውድድሩን ማሰናዳት ግን የማህበሩ ሴቶች ሥራ ሆነ። ለጋሾቻችንም ይህን ጽሑፍ ያነባሉና አንድ ነገር ልበል፦ ዋንጫው ሲነሳ የሃይዋርድ ስም አብሮ መነሳቱ ተገቢ ነው፤ ግን ያ ገንዘብ ሥራ ላይ የዋለው ቀድሞውኑ የቆመ ማህበር ስላገኘ ነው።

ውድድሩ በ1973 በ7 ቡድኖች መካከል ተካሄደ። ሐምሌ 28 ቀን በበርሚንግሃሙ ኤጅባስተን ሜዳ እንግሊዝ አውስትራሊያን በ92 ሩጫ ረታች። ኢኒድ ቤክዌል 118፣ አምበሏ ደግሞ 64 ሩጫ አስመዘገቡ። ዋንጫውን የሰጠቻቸው ልዕልት አን ነበረች። የወንዶቹ የዓለም ዋንጫ የተጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1975 ነው።

በ1976 በኦቫል አገሯ ልትሸነፍ በተቃረበችበት ግጥሚያ ከስምንት ሰዓት ተኩል በላይ ሜዳ ላይ ቆማ 179 ሩጫ አስመዘገበች፤ ግጥሚያውም በአቻ ውጤት ተጠናቀቀ። እኔ ከስድስቱ ምት ይልቅ ይህን እወድላታለሁ። በዚያው ዓመት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በታዋቂው ሎርድስ ሜዳ ተጫወቱ፤ ቡድኑን እየመራች የገባችውም እሷ ናት።

በቀጣዩ ዓመት ግን አምበልነቱ ተወሰደባት፤ በ1978ቱ የዓለም ዋንጫም አልተሰለፈችም። በእሷ መሪነት እንግሊዝ በስድስት ተከታታይ የቴስት ውድድሮች አልተሸነፈችም ነበር። ውሳኔው የገዛ ማህበሯ መሆኑ ይከብዳል። ያም ሆኖ ጨዋታውን ጥላ አልሄደችም፤ ተመልሳ በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ በ42 ዓመቷ ተሰልፋለች።

የሎርድስ ባለቤት የሆነው ክለብ፣ ኤምሲሲ፣ ከ1787 ጀምሮ አባል ያደርግ የነበረው ወንዶችን ብቻ ነው። ሬቸል በ1991 የአባልነት ማመልከቻ አስገባች፤ ሴትነቷ ወዲያው እንዳይታወቅ ስሟን በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ጻፈች። ነገሩ ዓመታት ፈጀ። በ1998 የካቲት ላይ አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ ግማሽ ያህሉን ያለፈ ድጋፍ ቢገኝም፣ ደንቡ የሚጠይቀው ሁለት ሦስተኛ ስለነበር ሐሳቡ ወደቀ። በዚያው ዓመት መስከረም እንደገና ቀርቦ በ70 በመቶ ገደማ ድምፅ አለፈ። በ1999 ከተቀበሏቸው የመጀመሪያዎቹ 10 ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች።

በ2010 በዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት የዝነኞች መዝገብ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ቀጥሎም የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነች። በ2017 ጥር በ77 ዓመቷ አረፈች። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሴቶች ጨዋታውን መተዳደሪያቸው የሚያደርግ የደመወዝ ውል የፈረሙት በ2014 ነው። ያን ቀን በዓይኗ ለማየት በቅታለች።