በቦረና በኩል ዓባይን መሻገር

ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እየከበበ የሚወርደው ዓባይ የሳይንትንና የቦረናን ደጋ ከጎጃም ይለያል። ከአምባ መቅደላ በስተ ሰሜን የሚያልፈው በሽሎም የዚሁ ወንዝ ገባር ነው። ጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ለረጋ ውሃ የተበጀ ስለሆነ፣ ድንጋይ በበዛበት በዓባይ ገደል ውስጥ ፋይዳ አልነበረውም።

የቆላው ተሻጋሪ የተማመነው በጀልባ ሳይሆን በወቅት ነው። ክረምት ሲገባ መሻገሪያው ይዘጋል፤ ውሃው ሲጎድል ይከፈታል። ዋናተኛ በተነፋ ስልቻ ላይ ተደግፎ ይሻገራል፤ ዕቃው በጀንዲ ተጠቅልሎ ይገፋል። አዞ እንዲሸሽ ጩኸትና የድንጋይ ውርወራ የተለመደ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም በሽሎን በእግሩ ነው የተሻገረው። በነሐሴ ቢሆን ኖሮ ያ ጦር ማዶ ቆሞ ይቀር ነበር ማለት ይቻላል።

ዓባይን በጀልባ ለመውረድ የሞከሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1903 የአሜሪካዊው ማክሚላን ጀልባዎች ብዙ ሳይርቁ ተሰባበሩ። በ1965 ስዊድናዊው አርነ ሩቢን በትንሽ ታንኳ ብቻውን ከሸፈርታክ ተነሥቶ ሱዳን ደረሰ፤ ይህ ግን ከቦረና በታች ያለው ክፍል ነው። ላይኛውን ክፍል የደፈረው በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ጉዞ ሲሆን፣ የያዘው በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎችን ነበር። ጎማ ከዓለት ሲጋጭ ይለጠጣል እንጂ እንደ ብረት ወይም እንደ ሳንቃ አይሰበርም። የቆላው ሰው በስልቻ የሚሠራውም በዚሁ ብልሃት ነው፤ አዲስ ግኝት ተብሎ መወደሱ ብዙም አያሳምንም። ያም ሆኖ ከቡድኑ አንድ ወታደር ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞቷል። ዓባይን ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በጀልባ የጨረሱት በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ናቸው።

ለነዋሪው ዋናው መፍትሔ ድልድይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሙላት አያመልጥም። ወደ ላይ በሞጣ በኩል በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ፣ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ክፍተቱን በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የተደረገለትን ጥገና በ2005 ሙላት ወሰደው። በ2009 ከውሃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተተከለ።