የመመለሻው ጀልባ



በባሕር ዳር የተቆረቆሩ ታላላቅ ከተሞች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። የዕረፍት ቀን ሲደርስ ሰው በጀልባ ተሳፍሮ ከወደቡ ፊት ለፊት ወደምትታየው ትንሽ ደሴት ይሻገራል፤ ሲዘዋወር ይውልና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል። ከዛንዚባር ወደ ቻንጉ፣ ከዳካር ወደ ጎሬ፣ ከኬፕ ታውን ወደ ሮበን ደሴት እንዲህ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እኛ በአንዱም ጀልባ አልተሳፈርንም። ነገር ግን የደሴቶቹን ታሪክ ስናነብ ጉዳዩ የእኛም ሆኖ ስላገኘነው ለእናንተ ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱም ደሴቶች ዛሬ የሽርሽር ቦታ ይሁኑ እንጂ ትናንት እንዲህ አልነበሩም። ጎሬ የባሪያ ንግድ የተካሄደባት ናት። ቻንጉ ላይ በ1890ዎቹ ወህኒ ቤት ተሠራ፤ በኋላ ግን በሽታ ይዘዋል ተብለው የተጠረጠሩ የመርከብ መንገደኞች ማቆያ ሆነች። ስሟ ግን እስከ ዛሬ «የእስር ቤት ደሴት» እንደሆነ ቀርቷል። ነገሩ እንዲያው የአጋጣሚ አይደለም። ከተማ የማይፈልገውን ሰው ከዓይኑ ሊያርቅ ሲያስብ፣ ቅርብ ያለች ደሴት ትመቸዋለች። ስንቅ ለማድረስ ቅርብ ናት፤ ዋኝቶ ለማምለጥ ግን ሩቅ ናት። ይህን ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ አድርጋ የምታሳየው ሮበን ስለሆነች፣ የእርሷን ታሪክ ዘርዘር አድርገን እንመልከት።

ሮበን ደሴት ከኬፕ ታውን ወደብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስፋቷ ከ5 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ዝቅተኛ ምድር ነው። ስሟን ያወጡላት ሆላንዶች ሲሆኑ፣ ትርጉሙ አቆስጣ የተባሉት የባሕር እንስሳት ደሴት ማለት ነው። ሆላንዶች በ1652 በኬፕ ሰፈሩ። ስድስት ዓመት ብቻ ቆይተው፣ በ1658፣ አውትሹማቶ የተባለውን የኮይኮይ አለቃ ወደ ደሴቲቱ አጋዙት። ሰውዬው በእነርሱና በወገኖቹ መካከል አስተርጓሚ ሆኖ ያገለገላቸው ነበር። አውትሹማቶ በተከታዩ ዓመት በሚያፈስ ጀልባ ቀዝፎ አመለጠ። ባሕሩን እንዲህ ተሻግሮ በሕይወት የወጣ ከእርሱ ሌላ እምብዛም አይገኝም።

ያልተሳካለት ማካንዳ ነው። ማካንዳ የኮሳ ሕዝብ ነቢይና የጦር መሪ ነበር። በ1819 በግራሃምስታውን እንግሊዞችን ወግቶ ሳይቀናው ቀረና እጁን ሰጠ፤ ወደ ሮበንም ተላከ። በ1820 ከሌሎች እስረኞች ጋር በጀልባ ሊያመልጥ ሲሞክር ጀልባዋ ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ተገለበጠችና ሰጠመ። ወገኖቹ ግን ሞቱን አልተቀበሉም። ይመለሳል ብለው ለብዙ ዓመታት ጠበቁት። ከዚህም የተነሣ በኮሳ ቋንቋ የእርሱ መመለስ እየተጠበቀ የማይመጣ ነገር ምሳሌ ሆኖ ቀረ። እዚህ መጠለያ ውስጥ ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት ጠዋት ጠዋት የሚመላለስ ሰው ይህን አነጋገር ማንም ሳያስተረጉምለት ይገባዋል።

ከ1846 ጀምሮ ደግሞ ደሴቲቱ የሕሙማን ማግለያ ሆነች። በሥጋ ደዌ የተያዙ፣ አእምሯቸው የታወከ፣ ጠያቂ የሌላቸው ድሆች ተጫኑባት። የሥጋ ደዌ ሕሙማኑ ከዚያ የወጡት በ1931 ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ወንጀል አልሠሩም። ጥፋታቸው ከተማው እነርሱን ለማየት አለመፈለጉ ብቻ ነበር።

በ1961 የአፓርታይድ መንግሥት ሮበንን ጥብቅ ወህኒ ቤት አደረጋት። በዚህ ላይ ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ ነገር አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 በአዲስ አበባ ተሰብስቦ በነበረው የአፍሪካውያን ጉባኤ ላይ ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። በዚያው ዓመት ተመልሰው በኮልፌ የጦር ሥልጠና ወስደዋል። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል የምስጢር ስም የተሰጣቸው ፓስፖርትም የኢትዮጵያ ነበር። ወረቀት ላጣው ሰው አገራችን ወረቀት የሰጠችበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ማንዴላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በነሐሴ 1962 ተያዙ። በ1964 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው ወደ ሮበን ሲሻገሩ፣ ከዚያ የወጡት በ1982 ነው። ያውም ወደ ሌላ ወህኒ ቤት ለመዛወር እንጂ ነፃ ለመሆን አልነበረም።

በወህኒ ቤቱ ውስጥ የዘር ልዩነት በራሽንና በሱሪ ሳይቀር ይታይ ነበር። ሕንዱና ክልሱ እስረኛ ረጅም ሱሪ ሲሰጠው ጥቁሩ ቁምጣ ይለብሳል። ለእነዚያ ዳቦ ሲታደል ለጥቁሩ አይደርሰውም። በዝቅተኛው ማዕረግ የተመደበ እስረኛ በስድስት ወር አንድ ደብዳቤ ብቻ ይጽፋል፤ አንድ ጠያቂም ብቻ ያያል። ሥራው የኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ መቆፈር ነበር። ከነጩ ድንጋይ የሚመለሰው የፀሐይ ነጸብራቅ የብዙዎችን ዓይን ጎዳ።

ዳሩ ግን እስረኞቹ ተቀምጠው ቀን አልቆጠሩም። ካባው ውስጥ የተማረው ያልተማረውን ያስተምር ነበር። ኳስ ለመጫወት ደጋግመው ጠይቀው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲፈቀድላቸው የራሳቸውን የእግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙንም በሰጠመው በማካንዳ ስም ማካና አሉት። ቡድኖቹ መዝገብ ነበራቸው፤ ዳኛም ቅጣትም በዓለም አቀፉ ደንብ ነበር። ፊፋ በ2007 ማኅበሩን የክብር አባል አድርጎታል።

ለእኛ፣ ይህችን በእጅ የምትጻፍ መጽሔት ለምናዘጋጀው፣ ከሁሉ የሚደንቀን የወረቀቱ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማንዴላ ሌሊት ሌሊት የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ጀመሩ። ማክ ማሃራጅና ላሉ ቺባ በደቃቅ ፊደል ይገለብጡላቸው ነበር። ማሃራጅ በ1976 ሲፈታ ግልባጩን ደብቆ አወጣው። ዋናው ጽሑፍ በግቢው ውስጥ ተቀብሮ ሳለ በ1977 ለግንብ ሥራ ሲቆፈር ተገኘ። ማንዴላ፣ ዋልተር ሲሱሉና አህመድ ካትራዳ በቅጣት ለአራት ዓመት ያህል የመማር ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። በ1994 ለታተመው የማንዴላ መጽሐፍ መሠረት የሆነው ግን ያ ተደብቆ የወጣው ግልባጭ ነው። ዋናው ቢያዝ ግልባጩ አመለጠ።

የመጨረሻዎቹ የፖለቲካ እስረኞች በ1991 ተፈቱ። ወህኒ ቤቱ በ1996 ተዘጋ፤ በ1997 ሙዚየም ሆነ፤ በ1999 የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ ጎብኚው በማንዴላ ስም ከተሰየመው የወደብ በር ላይ ትኬቱን ይቆርጣል። ባሕሩን ተሻግሮ በአውቶቡስ ካባውን ያያል፤ በእግሩ ወህኒ ቤቱን ይዞራል፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይመለሳል። ነፋሱ ከበረታ ጀልባው አይወጣም፤ ጎብኚውም ያዝናል። በክፍሎቹ እያስገቡ የሚያስረዱት አስጎብኚዎች በዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች እንዲሆኑ ነው ሙዚየሙ ልማድ ያደረገው።

እንግዲህ ደሴቲቱ ያችው ናት፤ ድንጋዩም ባሕሩም አልተለወጠም። ለጎብኚው ሽርሽር፣ ለእስረኛው መቃብር ያደረጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የመመለሻው ጀልባ። በፈቀደው ሰዓት እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ያለበትን ቦታ ውበት ያያል። የማያውቀው የሚያየው ማዶውን ብቻ ነው።

መጠለያችን ወህኒ ቤት አይደለም፤ ሸሽተን የገባንበት፣ ነፍሳችንን ያተረፍንበት ነው። ይህን መዘንጋት ውለታ መርሳት ይሆናል። ቢሆንም የመውጫ ወረቀት ለማግኘት የተሰለፈ ሰው የመመለሻ ጀልባ ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቃል። ደግሞም ጎብኚዎች ወደ እኛም ይመጣሉ። በመኪና መጥተው፣ በየመስመሩ ተዘዋውረው፣ ሕፃናቱን ፎቶ አንሥተው ከቀትር በኋላ ይሄዳሉ። በእነርሱ አንቀየምም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ አስረጂው ከእኛ ወገን ይሁን።

በየካቲት 1995 የቀድሞዎቹ እስረኞች በሮበን ዳግመኛ ተገናኙ። ማንዴላ ካባው አፍ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አኖሩ፤ ጓደኞቻቸውም ተራ በተራ እያነሡ ጨመሩበት። ክምሩ ዛሬም አለ። ይህ መጠለያም አንድ ቀን ባዶ ይሆናል፤ ድንኳኑ ይነሣል፤ የውኃ ቦኖው ይደርቃል። ያን ጊዜ ሰው መጥቶ «እዚህ ማን ነበር? ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ያያችሁትን ጻፉ። በደብተር ጫፍም ቢሆን፣ በራሽን ካርድ ጀርባም ቢሆን ጻፉ። ከጻፋችሁም በኋላ አንድ ግልባጭ ለጎረቤት ስጡ።

ሁላችንንም ለመመለሻው ጀልባ ያብቃን።