ነፍስ ንቀትን ስትጠግብ

መዝሙር 123 አራት ቁጥር ብቻ ያለው የመዓርግ መዝሙር ነው። ዘማሪው የናቁትን በስም አይጠራም፣ ስለ ምን እንደ ተሰደበም አይነግረንም። ነፍሱ ንቀትን እንደ ጠገበች ብቻ ይናገራል። ሰው እንጀራ ይጠግባል፤ ስድብ እንዴት ይጠገባል? በእምነቱ ምክንያት ከዕድር የተገለለ፣ ለሟቹ የመቃብር ቦታ የተከለከለ ወገን ግን ቃሉን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

መቀሌ ቀዳማይ ወያነ ለሚኖር አማኝ የዚህ መዝሙር ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአጋሜ ምድር፣ ጉንዳ ጉንዶ የሚባል ገዳም አለ። የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አባ እስጢፋኖስ የአጋሜ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው በ15ኛው መቶ ዘመን ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ መስገድን እንቢ አሉ። ለመስቀልና ለማርያም ሥዕልም አልሰገዱም። በገዛ እጃቸው ሠርተው መብላትን እንጂ ከቤተ መንግሥት ርስት መቀበልን አልወደዱም።

አጼ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) አልታገሣቸውም። አባ እስጢፋኖስ በእስር ሞቱ። ከተከታዮቻቸው አፍንጫቸውና ምላሳቸው የተቆረጠ፣ በድንጋይ የተወገሩም ነበሩ። ከሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ግን ስሙ ሳይሆን አይቀርም፦ «ጸረ ማርያም» ተባሉ። ድንጋይ አንድ ቀን ይወረወራል፤ እንዲህ ያለ ስም ግን ገበያም ይሄዳል፣ ልጅ ልጅንም ይከተላል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። ደቂቀ እስጢፋኖስ ፕሮቴስታንት አልነበሩም፤ መነኮሳት ነበሩ፤ ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. ከመነሣቱ በፊት የኖሩ ናቸው። ገዳማቸውም ዛሬ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእኛ ናቸው ብለን ልንወስዳቸው አይገባም። ገድላቸውን ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው ያሳተሙልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ ያነበበ ሁሉ ግን የተናቀ ሰው እንዴት እንደሚጸልይ ይማርበታል።

በእኛም ዘመን ስም ወጥቷል። ጴንጤቆስጤ ከሚለው ቃል የተቆረጠው «ጴንጤ» መጀመሪያ የስድብ ስም ነበር። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በንጉሡ ዘመን ሕጋዊ ፈቃድ ጠይቃ ተከለከለች፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ስሙ መካነ ኢየሱስንም ቃለ ሕይወትንም ሳይለይ በሁሉ ላይ ተለጠፈ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። ዛሬ ብዙዎቻችን ያንኑ ስም ያለ ኀፍረት እንጠራበታለን፤ አንዳንዴም የከፈሉበትን እየረሳን።

ወደ መዝሙሩ እንመለስ። ዘማሪው ትዕቢተኞቹ እንዲዋረዱ አልለመነም። የባሪያ ዓይን የጌታውን እጅ እንደሚጠብቅ ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ ማረን ይላል፤ እስኪምረንም ድረስ እንጠብቃለን ይላል። የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። መከበርንም አልጠየቀም፤ ምሕረትን እንጂ። እግዚኦ ብሎ የሚጮኽ ጎረቤታችንም የሚለምነው ይህንኑ ነው፤ ሰዳቢያችን እርሱ ራሱ ቢሆን እንኳ።