ከነጋሪት እስከ ስክሪን፦ የአደባባይ ማስጠንቀቂያ ታሪክ በደቡብ ጎንደር

በደራ ወረዳ ከዋና ከተማዋ ከአንበሳሜ ሌላ ሐሙሲትና አርብ ገበያ የሚባሉ ከተሞች ይገኛሉ። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ገበያቸው ከሚቆምበት ቀን ሲሆን፣ ይህም ገበያው ከመሸጫና ከመግዣነቱ ባሻገር በየቀበሌው ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በአንድነት የሚገኝበት፣ ስለዚህም ለሁሉም መድረስ ያለበት ቃል የሚነገርበት ቦታ እንደነበር ያስረዳል።

አዋጅ፣ ማለትም የገዢው ቃል ለሕዝብ የሚገለጥበት ሥርዓት፣ የሚጀምረው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ቆዳ የተወጠረበት ትልቅ ከበሮ ነው፤ ስሙ «ነገረ» ከሚለው ግሥ ቢወጣም ድምፁ ራሱ መልእክት አይናገርም፤ ሥራው ሰውን ሰብስቦ ጆሮውን ማዘጋጀት ነበር። ከዚያ በኋላ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን በከፍተኛ ድምፅ ያሰማል፤ የሰማም ላልሰማ እንዲያሰማ ያዛል። በዚህ መንገድ ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም የጣልያንን ወረራ ለመመከት የክተት አዋጅ አስነግረዋል።

የዕለት ተዕለት አደጋ ግን የቤተ መንግሥት ትእዛዝ አይጠብቅም። ቤት ሲቃጠል ወይም ሽፍታ ሲመጣ ኡኡታ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይቀባበላል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወልም ከተለመደው የጸሎት ሰዓት ውጭ በጥድፊያ ሲደወል አደጋ መኖሩን ያመለክታል። እንዲህ ያለው ምልክት የሚያገለግለው ሕዝቡ የዘወትሩን ድምፅ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ፣ ከልማዱ ሲወጣም ወዲያው ስለሚለየው ነው።

ጽሑፍ ያለ ነጋሪ በሕዝብ ፊት የወደቀበት ታላቅ አጋጣሚ በዚሁ አካባቢ በመጋቢት 1922 ዓ.ም ደረሰ። የበጌምድር ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ በደብረ ዘቢጥ አጠገብ አንቺም በተባለው ስፍራ መጋቢት 22 ቀን ከመንግሥት ጦር ጋር ከመዋጋታቸው በፊት፣ የመንግሥት አውሮፕላኖች ጉግሣን የሚከተል ሁሉ እንደሚወገዝ የሚያስታውቅ፣ የሊቀ ጳጳሱ የአቡነ ቄርሎስ ስም የሰፈረበት ወረቀት በሠራዊታቸው ላይ በተኑ። ወረቀቱን የሚያስፈራ ያደረገው ከሰማይ መውረዱ ብቻ ሳይሆን፣ ሁሉም የሚያውቀው የሃይማኖት ሥልጣን ቃሉን በስሙ መያዙ ጭምር ነው።

በ1934 ዓ.ም የተመሠረተው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ፣ ቃሉ ከከበሮ ወደ ወረቀት ሲሻገር ስሙን ይዞ መሻገሩን ያሳያል። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይና በመሳሰሉት ስፍራዎች የተተከሉ ዲጂታል ስክሪኖች፣ ማለትም ጽሑፍና ምስል በየቅጽበቱ የሚለዋውጡ የብርሃን ሰሌዳዎች፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያም በፍጥነት ሊያሳዩ የሚችሉ ናቸው። ይሁን እንጂ በደቡብ ጎንደር ከጉና ተራራ በርብና በጉማራ ወንዞች ወርዶ በ1998 ዓ.ም ክረምት የፎገራን ሜዳ ያጥለቀለቀው ዓይነት ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ፣ የተኛውን ገበሬ ዝምተኛ ብርሃን አይቀሰቅሰውም። ስለዚህ ስክሪን የነጋሪት እውነተኛ ወራሽ የሚሆነው የሚያነቃ ድምፅ፣ የሚታመን ተናጋሪና ቃሉን ላልሰማው የሚያደርስ ጎረቤት ሲታከሉበት ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ማስጠንቀቂያው አደባባዩን አልፎ ጎርፉ የሚደርስበት ቤት ሳይደርስ ይቀራል።