የቀድሞ የአውቶሞቢል ነጋዴዎች ፎቶግራፎችና ምስክሮቻቸው

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች፣ በተለይም የቡታጅራ መንገድ ከጅማው መንገድ በሚገነጠልባት በዓለም ገና፣ ኑሯቸው ከመኪና ሥራ ጋር የተያያዘ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። በእነዚህ ቤቶች ከሠርግና ከክርስትና ፎቶግራፎች ጎን አንድ ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ ይገኛል። ይኸውም ኮፈኑ የሚያብረቀርቅ አዲስ አውቶሞቢል በሰፊ ቬትሪና ፊት ቆሞ፣ አጠገቡም ሻጩ ወይም መካኒኩ ወይም ሾፌሩ እጁን በፓራፋንጎው ላይ አሳርፎ የተነሣው ነው። በጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አልተጻፈበትም፤ ቢጻፍበትም ሁለት አኃዝ ብቻ ይሆናል። የፎቶግራፉ ባለቤት ካረፈ በኋላ ልጆቹ ቦታው የት እንደ ሆነ፣ ጊዜው መቼ እንደ ነበረ፣ መደብሩም የማን እንደ ነበረ ቢጠይቁ መላሽ አያገኙም።

ጥያቄው የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን የአውቶሞቢል ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከቤተ መንግሥት በኩል ነው። መኪናውን ያስመጣው ነጋዴ፣ የገጣጠመው መካኒክና መለዋወጫ የመዘገበው ጸሐፊ በታሪኩ ውስጥ እምብዛም አይታዩም። የነጋዴዎቹ መዝገቦች በጦርነት፣ በስደትና በመንግሥት ለውጥ ሲበታተኑ፣ ከእጃችን የቀረው ዋነኛ ማስረጃ ፎቶግራፉ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉን በትክክል ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ሊሆን ይገባዋል። በዚህ ሙያ መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ዓይንን ቀድሞ የሚስበው አውቶሞቢል ከምስክሮች ሁሉ ደካማው መሆኑ ነው። ጠንካራዎቹ ምስክሮች ማንም ልብ የማይላቸው ግድግዳው፣ መንገዱ፣ ፊደሉና ተራራው ናቸው።

ለስሕተት አመጣጥ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው አውቶሞቢል ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን በብዙ ድካም አልፎ አዲስ አበባ በመግባት መኪናውን ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። የሰውዬው ስም ከታዋቂው የቅንጦት አውቶሞቢል ስም ጋር አንድ በመሆኑ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያ መኪና «ቤንትሌይ» ነበረች ተብሎ ሲነገር ይሰማል። ነገር ግን መኪናዋ ሲድሌይ ነበረች። ቤንትሌይ የተባለው የአውቶሞቢል ፋብሪካ የተመሠረተው በሌላ ሰው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 ነው። ጥቂት ቆይቶም አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ በተባለች የአገሩ መኪና አዲስ አበባ ደረሰ። በመሆኑም ከዚያ ዘመን የተረፈ ፎቶግራፍ ላይ «ቤንትሌይ» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ የሾፌሩን ስም እንጂ የመኪናዋን ስም ሊያመለክት አይችልም።

ሁለተኛው ሊታሰብበት የሚገባው ነገር የንግዱ ጠባይ ነው። የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ አውቶሞቢል ከድሬዳዋ እስከ ዋና ከተማው ማድረስ ራሱ ዘመቻ ስለ ነበረ፣ በርካታ አዳዲስ መኪናዎች በመደዳ የቆሙበት የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ከ1909 ዓ.ም. በፊት ተነሣ ቢባል ለማመን ያስቸግራል። ከዚያም በኋላ ቢሆን በአራዳ የነበሩት የውጭ አገር ነጋዴዎች፣ ሕንዶቹም አርመኖቹም ግሪኮቹም፣ ብዙዎቹ ልዩ ልዩ ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡ ነበሩ። ስለዚህ አንድ አውቶሞቢል በነጋዴ ደጃፍ ስለ ቆመ ብቻ ነጋዴው መኪና ሻጭ ነበር ማለት አይቻልም። ለገበያ የመጣ ደንበኛም መኪናውን በዚያው ደጃፍ ያቆማል። በፎቶግራፉ ጀርባ የሚታየው ማኅተምም እንዲሁ ነው። የቦያጂያን ቤተሰብን የመሰለ የታወቀ ፎቶ አንሺ ማኅተም ሥዕሉን ማን እንዳነሣው ወይም እንዳተመው ይነግራል እንጂ መኪናውን ማን እንደ ሸጠው አይነግርም።

በጀርባ የሚጻፈው ዓመትም ወጥመድ አለበት። «22» የሚል ጽሑፍ ተገኘ እንበል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1922 ከሆነ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ሊፈጸም አንድ ዓመት የቀረው ጊዜ ነው። በአውሮፓውያን ከሆነ ግን ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ከመሄዳቸው እንኳ በፊት ይሆናል። እዚህ ላይ አውቶሞቢሉ ሊረዳ ይችላል። በሥዕሉ ውስጥ ኤ የተባለው የፎርድ ሞዴል ቢታይ፣ ይህ ሞዴል መሠራት የጀመረው በአውሮፓውያን 1927 ስለ ሆነ ሁለተኛው ግምት ይወድቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨመራል። ፋሽስቶች ዓመታቸውን ከጥቅምት ወር ጀምረው በሮማውያን ቁጥር ይጽፉ ስለ ነበር፣ ዐሥራ ስድስት የሚል የሮማውያን ቁጥር የሰፈረበት ካርድ ዕድሜውን ወይም ተራ ቁጥሩን ሳይሆን ከሞላ ጎደል የእኛን 1930 ዓ.ም. ሊያመለክት ይችላል።

ከላይ የተጠቀሰው የፎርድ ምሳሌ የአውቶሞቢሉን ምስክርነት ወሰንም ያሳያል። መኪናው ፎቶግራፉ ከመቼ ወዲህ እንደ ተነሣ ይናገራል፤ እስከ መቼ ሊነሣ እንደሚችል ግን አይናገርም። ለምሳሌ የፎልክስቫገን የኋላ መስታወት በአውሮፓውያን እስከ 1953 ድረስ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ እስከ 1957 ሞላላ ሆነ፤ ቀጥሎም ሰፊና አራት ማዕዘን መሰል ሆነ። «መርሴዲስ ቤንዝ» የሚል የጣምራ ስም ያለበት ሰሌዳም ሁለቱ ፋብሪካዎች ከተዋሐዱበት ከ1926 በፊት ሊሰቀል አይችልም። እነዚህ የታች ወሰኖች የማያጠራጥሩ ናቸው። የላይኛው ወሰን ግን በእኛ አገር እጅግ የላላ ነው። መኪና በአገራችን ተጠግኖና እንደገና ተጠግኖ ለልጅ የሚተላለፍ ንብረት ነውና። ፊያት 600 ወይም ሕዝቡ እንደሚለው «ሰይቼንቶ» በፋብሪካው መሠራቱ ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም በአዲስ አበባ በታክሲነት ሲያገለግል ኖሯል። መኪናው ስላረጀ ፎቶግራፉም ያን ያህል አርጅቷል ብሎ መፍረድ የብዙ የተሳሳቱ መግለጫዎች ምንጭ ነው።

መንገዱ ከዚህ የተሻለ ምስክር ነው። በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ የተለወጠው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ከመደብሩ ፊት ለፊት የሚያልፉት መኪናዎች የመንገዱን ግራ ይዘው ከታዩ ፎቶግራፉ ከዚያ ቀን በፊት የተነሣ ነው። ከነፃነት በኋላ ለነበረው ዘመን ከዚህ የበለጠ ግልጽ የመለያ መስመር አይገኝም። ይሁን እንጂ ከፍርዱ በፊት ሁለት ነገሮች መጣራት አለባቸው። የመጀመሪያው የፎቶግራፉ አሉታዊ ቅጂ ተገልብጦ አለመታተሙ ነው። ለዚህ የመደብሩ ሰሌዳ ይበቃል፤ በቀኝና በግራ ተመሳሳይ ያልሆኑ የአማርኛ ፊደላት ከተገለበጡ ወዲያው ይታወቃሉ። ሁለተኛው የመሪን አቀማመጥ ከመንገድ ሕግ ጋር አለማምታታት ነው። ላንቺያን የመሰለ የጣሊያን የቅንጦት አውቶሞቢል በአገሩ መንገዱ በቀኝ ሆኖ ሳለ ለብዙ ዓመታት መሪው በቀኝ ይሠራ ነበር። በአገራችን «ትሬንታ ኳትሮ» በሚል ስም የሚታወሰው የፊያት የጭነት መኪናም መሪው በቀኝ በኩል ነበር፤ ይህም በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ በቅርብ እንዲያይ ይረዳው ነበር። ስለዚህ የሚቆጠረው ምስክር መኪናው የያዘው የመንገድ ወገን ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከቦታው የማይንቀሳቀሰው ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በንግሡ ዋዜማ ተመረቀ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተነሣ፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። በአደባባዩ ዳር ያለ መደብር ፎቶግራፍ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ለመለየት ሐውልቱ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ይረዳል። ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲታይ በመጨረሻው የሚገኘው የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ደግሞ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተመረቀ በመሆኑ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። የሕንፃውን ዓይነት መለየትም ያስፈልጋል። በአስመራ በአውሮፓውያን 1938 የተሠራው፣ በሁለት ወገን 15 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ያለ ምሰሶ የተንጠለጠሉ የአርማታ ክንፎች ያሉት ፊያት ታሊዬሮ በፎቶግራፍ ለሚያየው የቅንጦት መኪና መሸጫ ይመስላል። የተሠራው ግን ለነዳጅ ማደያና ለመኪና አገልግሎት ነው። በግንባሩ ላይ የፋብሪካ ስም መጻፉ ብቻ ቤቱን የመሸጫ ቤት አያደርገውም።

ይህ የመጨረሻው ጥንቃቄ በተለይ ለዓለም ገና ፎቶግራፎች ይጠቅማል። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1940ዎቹ መጨረሻ በዓለም ገና የማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። በአዳዲስ የጭነት መኪናዎችና በመንገድ ሥራ መሣሪያዎች የተሞላ ግቢ፣ ከጀርባው ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊቱም ቱታ የለበሱ ወጣቶች ሲታዩ፣ ተመልካቹ የአንድ ትልቅ ወኪል ግቢ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን የሻጭ ግቢ ደንበኛ የሚጠራ ሰሌዳና ቬትሪና ይኖረዋል፤ መኪናዎቹም ልዩ ልዩ ቀለምና ዓይነት ያላቸው፣ ብዙውን ጊዜም ታርጋ ያልተለጠፈባቸው ናቸው። የመንግሥት ግቢ መኪናዎች ግን ባንድ ቀለም ተቀብተው፣ የንብረት ቁጥር በበራቸው ተጽፎባቸው፣ ከታርጋቸው ጋር ይቆማሉ። ጥርጣሬ ቢቀር ደግሞ ተራራው አለ። የፉሪ ወይም የወጨጫ ጫፍ ከሕንፃው ጣሪያ በስተጀርባ በምን በኩል እንደሚታይ ከፎቶግራፉ ወስዶ፣ ያው መስመር እስኪገጥም ድረስ በቦታው እየተዘዋወሩ መመልከት የቅየሳ መጀመሪያ ትምህርት የተማረ ሰው ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው። ፎቶ አንሺው የቆመበትን ስፍራ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ማግኘት ይቻላል።

በመጨረሻ የሚቀረው ምስክር ሰው ነው። ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሙያው በማን አንደበት እንደ ገባ ዛሬም ይመሰክራሉ። እነዚህን ቃላት ከመጀመሪያዎቹ መካኒኮች የተማሩት አዛውንቶች የሰፈሪያን ኩባንያ የፎልክስቫገን ወኪል ሳለ የነበረውን አሠራር፣ ወይም በ1950ዎቹ የተቋቋመው ሞኤንኮ በመጀመሪያ ዘመኑ የነበረውን መልክ ሊናገሩ ይችላሉ። ነገር ግን የሽማግሌ ቃል ከሥዕሉ ጋር ሲመሳከር እንጂ ብቻውን አይበቃም። ፎቶግራፉን አስቀድሞ «ይህ እንትን መደብር አይደለምን?» ብሎ ማሳየት መልሱን በአፉ ማስቀመጥ ነው። «ምን ያያሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ነገሩ ጊዜ የማይሰጥ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። ቀድሞ የውጭ ነጋዴዎች መደብሮች የነበሩበት የአራዳ አካባቢ መልኩን ለውጧል። ዓለም ገናና ሰበታም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው በፍጥነት እየተገነቡ ነው። ግድግዳው ሲፈርስ ፎቶግራፉ አብሮ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ፎቶግራፉ ከግድግዳው ጋር የሚመሳከርበት ዕድል ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ መግለጫ ሁሉ ግምት ይሆናል፤ ግምቱም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ እንደ እውነት ይቆጠራል።

የማኅበሩ አባላት በዚህ ረገድ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየቤቱ የሚገኘውን ፎቶግራፍ ጠርዙን ሳይቆርጡ ከፊትም ከጀርባም ማንሣት፤ በላዩ ላይ አለመጻፍ፤ የሰጠው ሰው የተናገረውን ከሥዕሉ ከታየው ለይቶ መመዝገብ፤ ሕንፃው ያለ እንደ ሆነ ቆሞ ሳለ መስኮቱን፣ ምሰሶውንና ደረጃውን ለክቶ ማስቀመጥ ይበቃል። የተሰበሰበውም ቅጂ እንደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላለ የታወቀ መዝገብ ቤት ቢሰጥ ለተከታዩ ተመራማሪ ይደርሳል። በመግለጫውም ውስጥ የተረጋገጠው «የተረጋገጠ»፣ የተገመተው «የተገመተ» ተብሎ ይጻፍ። መሐንዲስ በሥዕሉ ላይ ያለካውን ርዝመት እንደ ለካው አድርጎ አይጽፍም፤ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይም ከዚህ የተለየ ሕግ ሊኖረው አይገባም። ይህ ሲሆን በፓራፋንጎው ላይ እጁን አሳርፎ የቆመው ሰው መኪናውን ለማድመቅ የገባ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ፣ በአገሩ የቴክኒክ ታሪክ ውስጥ ስሙና ቦታው የታወቀ ባለሙያ ይሆናል።