ውፍረትና ወረርሽኝ በጎጃም ደጋ

በጎጃም ደጋ የወፈረ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም። «ወዝህ ተመለሰ፣ ሰውነትህ ሞላ» ማለት የደኅንነት ምስክርነት ነው፤ «ከሳህ» ማለት ግን ምን አገኘህ ብሎ መጨነቅ ነው። ይህ አመለካከት ካለማወቅ የመነጨ ሳይሆን ከታሪክ የተወረሰ መሆኑን የጤና ባለሙያ ሊያስተውለው ይገባል።

በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ በ1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ዘመቻ ጎጃምን ካራቆተው በኋላ፣ ከከብት እልቂት ጋር የመጣው ክፉ ቀን በአገሩ ላይ ጸና። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ረኃብ ያደከመውንም ሕዝብ ተላላፊ በሽታ ፈጀው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ራስ ኃይሉ በደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ጎጃምን ሲገዙ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ በረታ። በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠሉ ሰፈርን የማጠን ልማድ የዚያ «የኅዳር በሽታ» መታሰቢያ ነው። እንዲህ ያለውን ዘመን ያሳለፈ ሕዝብ በሰውነት ላይ የተከማቸን ሥጋ እንደ ጎተራ እህል ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ በ2001 ዓ.ም. አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት በዓለም ሲዛመት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት በሽታውን እንደሚያከብድ ሐኪሞች ተገነዘቡ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ኮቪድ-19 ደግሞ ይህንኑ አጸናው። የሆድ ስብ ድያፍራምን ወደ ላይ እየገፋ ለሳምባ የሚሆነውን ስፍራ ያጠባል፤ የስብ ሕዋሳት የሚያመነጩት ንጥረ ነገርም የሰውነትን ብግነት ያባብሳል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሲታከሉበት አደጋው ይበረታል።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ በ2008 ዓ.ም. የተደረገውን የሕዝብና ጤና ጥናት ይመልከት። በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከመጠን በላይ የከሱ፣ 8ቱ ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበሩ፤ በከተማ ግን የኋለኞቹ ቁጥር ከመቶ 21 ደርሷል። በጮቄ ተዳፋት ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ገበሬና በደብረ ማርቆስ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚውለው ሠራተኛ ምናልባት ወንድማማች ናቸው፤ የሚያሰጋቸው ግን አንድ አይደለም። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ሲመከር፣ ከበሽታው የሚጠብቀው መከልከል ራሱ እንቅስቃሴን የሚቀንስ ነበር።

ስለዚህ ዝግጅቱ ወረርሽኝ ሳይመጣ መጀመር አለበት። ክብደትና ቁመት ይለካ፤ ክብደት በኪሎግራም፣ ቁመት በሜትር ተወስዶ ክብደቱ ለቁመቱ ካሬ ሲካፈል 30ና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው የደም ግፊቱና የደም ስኳሩ ይመርመር። በጾም ሥጋና ቅቤ ቢቀሩም፣ ዘይትና ስኳር ከበዙ ክብደት እንደማይቀንስ ይነገረው። ወረርሽኙ ሲመጣም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ በግቢውም ቢሆን ይራመድ፤ ክትባት ሲገኝ ከቀዳሚዎቹ ጋር ይከተብ፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ከሁሉ በላይ ግን ምክሩ ዘለፋ አይሁን። ወዝ የደኅንነት ምልክት ነው ብላ ያሳደገችውን እናቱን የሚያቃልል ባለሙያ፣ ታካሚው ዳግመኛ አይመለስለትም። ያ እምነት በዘመኑ እውነት እንደነበረ አክብሮ የሚነሣ ባለሙያ ግን ዛሬ የተለወጠውን ለማስረዳት ጆሮ ያገኛል።